ማብሪያው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ቤቱ ሲታደስ ዕቃው ሁሉ ሳሎን ተከምሮ፣ መኝታ ቤቱ ባዶውን ቀርቶ ነበር። አባወራው ባዶው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን "ማብሪያ ማጥፊያው እዚህ ይሁን" አለው።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። "እዚያ ጋ'ኮ ቁም ሳጥኑ ነው የሚመለሰው።"

"ሌላ ቦታ ይሄዳላ!"

"የት? አልጋውና መስኮቱ ያስተረፉት ግድግዳ እሱ ብቻ ነው።"

እውነቷን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል። ግን እሱ እቴ! በሰው ፊት ቃሉን ከሚያጥፍ ሞቶ ቢገኝ ይመርጣል። "ካልኩ አልኩ ነው!" ብሎ ሲሚንቶ ሊገዛ ወጣ። ሚስቱና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተያዩ።

ቤቱ ተለስኖ ቀለም ተቀባ፤ ቁም ሳጥኑም እንደተፈራው ማብሪያው ላይ ተገተረ። አባወራው አሁንም ፍንክች አላለም። የቁም ሳጥኑን ጀርባ በመጋዝ ቆርጦ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አወጣለት።

ወደ መኝታ ቤቱ በተመለሱበት ምሽት፣ በጨለማው የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ በልብሶቹ መሃል ይዳብስ ጀመር። መስቀያው ግንባሩን መታው። "የታባቱ!"

"ከካፖርትህ በስተግራ ነው" አለች ሚስቱ ከአልጋው ላይ።

እጁ የነካውን ሁሉ እየተጫነ ሲንኮሻኮሽ ትንሽ ተወችው። ኋላ አሳዘናትና እጇን ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ሰደድ አደረገች። እሱ ሲሚንቶ ሊገዛ የወጣ ዕለት ያስገጠመችው ሁለተኛ ማብሪያ እዚያ ነበር። ተጫነችው፤ ክፍሉ ቦግ አለ።

"ይኸው! አላልኩሽም?" አለ፣ ጭንቅላቱን ከቀሚሶቿ መሃል እያወጣ።

"ብለኸኝ ነበር" አለች።