ነፋስ የከለለኝ ጀርባ

ያ ዓመት ከፋ። ለቀናት የሚዘልቀው የብስክሌት ውድድር ሊጀመር ሲል አሰልጣኛችን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ገና ከመጀመራችን ዝናብ ያዘን። ቁልቁለት ላይ ሁለት ጓደኞቻችን ተንሸራተው ወደቁ፤ የአንዱ ትከሻ ተሰበረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አቋረጡ። ደረቅ ልብስ አልነበረንም፤ እርጥቡን ጨምቀን እንለብስ ነበር። መለዋወጫ የጫነው መኪናችን ሞተሩ ነደደ፤ መንገድ ላይ ትተነው ሄድን። በመጨረሻው ቀን ከክለባችን የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እኔና ግድግዳ።

ግድግዳ ያልነው ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ነው። እንጀራውም በዚያ ጀርባ ነበር። በብስክሌት ውድድር ከዳገት ይልቅ ነፋስ ሰውን ይጨርሳል። ከፊት የሚነዳው ነፋሱን ይቀበላል፤ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ክለቡ አንድ ሰው እንዲያሸንፍ ይመርጣል፤ ሌሎቹ ይከልሉታል። የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻው መንገድ በሜዳ ላይ የተዘረጋ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። በግራው ሐይቅ አለ፤ ነፋሱ ከሐይቁ ይነሳል። እዚያ መሃል ላይ የፊት ጎማዬ ፈነዳ። ግድግዳ ከብስክሌቱ ዘሎ ወረደ። የራሱን የፊት ጎማ ፈትቶ ገጠመልኝ፤ ኮርቻዬን ይዞ ገፋኝ።

«ሂድ! ምን ታየኛለህ?» አለ።

ሄድኩ። አሸነፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻምፒዮን ተባልኩ።

እሱ በአንድ ጎማ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። የቀሩትን የሚለቅመው መኪና መጥቶ ጫነው። እዚያ መኪና ላይ የወጣ ሰው ቁጥሩ ከጀርባው ይነቀላል፤ ውድድሩን አልጨረሰም ማለት ነው። በዓመቱ የውድድሩ መስመር ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወረ፤ በዚያ መንገድ ዳግም አልተወዳደርንም። ግድግዳ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ከፊቴ ሆኖ ነዳ። ስለዚያ ቀን አንዴም አላነሳም። እኔ ግን ዕዳዬን አውቀዋለሁ። ጎማውንማ በማግስቱ መልሼለታለሁ። የመንገዱን መጨረሻ ነው ያልመለስኩለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሰጥቶኛል። እኔም በአቅሜ ሰጥቻለሁ። ለትምህርት ቤቶች ብስክሌት አድያለሁ፤ በስሜ የተሰየመ ዋንጫ አለ። ስለ መሪነት ተናገር እያሉ አዳራሽ ይጠሩኛል። ቆራጥነት እላለሁ፣ ሥነ ሥርዓት እላለሁ። ያጨበጭባሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ ምን እንዳልኩ አላስታውሰውም።

ዘንድሮ ፌዴሬሽኑ ውድድሩን ወደ ድሮው መስመር መለሰው። አንድ ወጣት ኃላፊ ሊነግረኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ሱፍ ለብሷል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት የመጨረሻውን መንገድ እርስዎ ብቻዎን ይነዱታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ትንሽ ይናገራሉ።»

«ብቻዬን አልነዳውም» አልኩት። «ድሮም ብቻዬን አልነዳሁትም።»

«ከማን ጋር ይሁን?»

ነገርኩት። አንገቱን አከከ።

«ሰውየው ዓይናቸው ደክሟል ይባላል እኮ።»

«ጆሮው ደህና ነው።»

«በጆሮ ይነዳል እንዴ?»

«አንተ ነድተህ ታውቃለህ?»

 ጨዋ ልጅ ነው፤ ይሁን ብሎ ሄደ።

በዚያው ቀን ግድግዳ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የተበላሸ ሬዲዮ በእጁ እየዳሰሰ ይፈታታል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ እሱም እየጠፋ እንደሚሄድ ነግሮታል። ባለቤቱ አልጋው ላይ ልብስ ታጣጥፋለች።

«አለቃ!» አለ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። ድሮም ሲቀልድብኝ አለቃ ነው የሚለኝ። «ጫማህን ጠርገህ ግባ። ቤቱን ስትወለውል ነው የዋለችው፤ ሁለታችንንም ታባርረናለች።»

ጉዳዩን ነገርኩት። እጁ ሬዲዮው ላይ ቆመ። ሚስቱ የያዘችውን ሸሚዝ ጣለችው።

«አብዳችኋል?» አለች። «ትናንት ከበሩ ጋር ተላትሟል። የገዛ በሩን ያጣ ሰው ነው መንገድ የሚያገኘው?»

«በሩ እኮ ድምፅ የለውም» አለ ግድግዳ።

«አንተ ዝም በል! አንተስ» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ «ቢወድቅብኝ ምን ልትለኝ ነው?»

 የመለሰላት እሱ ነው።

«እመቤቴ፣ ያን ቀን መኪናው እስኪመጣ ድረስ መንገዱን ሳየው ነበር። ቀጥ ያለ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይታያል። ሰዉ ጉንዳን አክሎ እያነሰ እያነሰ ይገባል። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚመጣብኝ። ትንሽ ብርሃን ሳለኝ ልጨርሰው። ከዚያ ይጥፋ።»

ስለዚያ ቀን ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እሷም እንደኔው መሰለኝ። ሸሚዙን አነሳች። አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«ሄልሜት ታደርጋላችሁ» አለች። «ሁለታችሁም።»

በውድድሩ ቀን መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ነበር። ከኋላችን የኃላፊው መኪና ብቻ ይከተለናል፤ ሚስቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አንገቷን በመስኮት አውጥታለች። ግድግዳ የድሮ ማሊያውን ለብሶ መጣ። ሆዱ ላይ አልወርድ ብሎታል።

«ማሊያው ጠበበ ወይስ እኔ ሰፋሁ?»

«ግድግዳው እንደ አዲስ ተለስኗል» አልኩት። ሳቀ።

«ስማ አለቃ። አልፎ አልፎ ፔዳሉን መምታት አቁም። ያኔ የኋላ ጎማህ ጥርስ ሲንጫጫ እሰማዋለሁ፤ እሱን ተከትዬ እመጣለሁ። አፍህን አታልፋ።»

ተነሳን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ነፋሱ ከሐይቁ መጣና በግራ ጎኔ መታኝ። ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ጥሩ የነዳሁ መሰለኝ።

«አለቃ! እየመራኸኝ ነው ወይስ እየሸሸኸኝ?»

ቀነስኩ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ጮኸ።

«ነፋሱ በየት በኩል ነው?»

«በግራ።»

«እኔስ የት ነኝ?»

«ከኋላዬ።»

«ከኋላህ ቀጥታ ከሆንኩ ነፋሱ እኔንም አይበላኝም? ወደ ግራ ውጣና እኔን በቀኝህ አድርገኝ! ይህን ሳታውቅ ነው ያን ሁሉ ዋንጫ የሰበሰብከው?»

«አንተ ነበርካ የምታደርገው።»

«አዬ ጉድ» አለ። «በል ትንፋሼን ስማ። ሰው ሲደክም ትንፋሹ ይለወጣል። ያኔ ቀንስ። ዞረህ አትየኝ፤ የዞረ ይወላገዳል።»

ወደ ግራ ወጣሁ። ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። መጀመሪያ ነፋሱ ብቻ ነበር። ቆይቶ ከነፋሱ ሥር ትንፋሹን አገኘሁት፤ ከባድ ነው፣ ግን አይዛባም። ሲያጥር ቀነስኩ። ሲረጋ ጨመርኩ።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ሳልናገር የሚቀንስልኝ፣ ሳልለምን የሚጨምርልኝ ለካ ሲያዳምጠኝ ኖሮ ነው። ያልደከምኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ጉልበቴ ነው ብዬ ለጋዜጠኛ ተናግሬያለሁ። ፊቱን ወደ ነፋስ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አድርጎ የኖረ ሰው ነበር ከፊቴ። ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱንም ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ የማውቀው መንገድ የእሱ ጀርባ ነበር፤ የማሊያው ስፌት፣ ላቡ የሠራው ነጭ የጨው መስመር። አሁን ከፊቴ ማንም የለም። ሐይቁ እስከ ሰማይ ድረስ ተንጣሏል፤ ውኃው በነፋስ ይገለባበጣል። ሰማዩ ሰፊ ነው። ያ ሁሉ ተነስቶ ወደ አንድ ሰው ደረት ይመጣል። ግድግዳ በየቀኑ ይህን ሲቀበል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ስለ ዋንጫ አስብ ነበር።  በድፍን ዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላየሁም።

መጨረሻው ታየ። ሕዝቡ፣ ባንዲራዎቹ፣ አስፋልቱ ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር። እግሬ መስመሩን ሲያይ አላማከረኝም። ድሮ እንደለመደው ፈረጠጠ። ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው፤ ትንፋሹ ጠፋኝ።

«ያዘው! ወደ ጠጠሩ እየሄደ ነው!» ሚስቱ ጮኸች።

ፍሬን ያዝኩ። ዞሬ አየሁ። ነፋሱ ብቻውን አግኝቶት ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ይገፋዋል። ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ ያዞራል፣ ድምፅ ይፈልጋል።

«አለቃ! የት ሄድክ?»

ያን ሰው ፈርቶ ሰምቼው አላውቅም።

«አለሁ! እግሬ ነው የሄደው!»

«እግርህንስ አውቀዋለሁ» አለ። ድምፁን ግን ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም።

እስኪደርስ ጠበቅኩት። በግራው ገባሁ፤ ትከሻዬን ለነፋሱ ሰጠሁ። ወደ መሃል አወጣሁት። ጎን ለጎን ሆንን። ትንፋሹ እየረጋ መጣ።

«መስመሩ ቀርቧል?»

«ቀርቧል።»

«እንግዲያ ሂድ» አለ። ድሮም መስመር ሲቀርብ ሁልጊዜ የሚለኝ እሱን ነው። «ምን ትጠብቃለህ?»

«አንተ ሂድ። ቀጥ ብለህ ንዳ፤ ከፊትህ ምንም የለም።»

ፔዳሉን መምታት አቆመ፤ ብስክሌቱ በራሱ ተንከባለለ። ከዚያ ከኮርቻው ተነሳ። ያ ሰፊ ጀርባ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። እኔ በግራው ቀረሁ፤ ነፋሱን እንደያዝኩ፣ ጎማዬ ከጎማው ኋላ።

መስመሩን ሲያልፍ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለማን እንደሆነ አላወቀም። ግድግዳ እግሩን መሬት አድርጎ ቆመ።

«አለፍኩ?»

«አልፈሃል።»

አላመነኝም። ብስክሌቱን አስያዘኝና ወደ ኋላ ተመለሰ። ተንበርክኮ አስፋልቱን በእጁ ዳሰሰ፤ መስመሩን አገኘው። የተቀባው ጠዋት ነበርና ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ሚስቱ ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች መጣች። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። እሱ ነጭ የሆነውን መዳፉን ወደ ኮቴዋ ድምፅ ዘርግቶ አሳያት።