ከዱዓው በፊት

በዚያ ሰኞ ጀነት የተቀመጠችበት ወንበር ከቤተ መጻሕፍት የመጣ ነበር። የኮሌጃችን ጉባኤ ለረጅም ጊዜ ስምንት አባላት ብቻ ነበሩት፤ ዘጠነኛው ወንበር የተጨመረው ዘንድሮ ነው። ተማሪዎች የመረጡት አንድ ተወካይ ከሙሉ ድምፅ ጋር እንዲቀመጥ የሚፈቅደውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ለመጽደቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ የጸደቀውም ለአንድ ዓመት ሙከራ ነው። ተወካዩ ሁለት ተከታታይ ስብሰባ ከጎደለ ወንበሩ ይነሣል የሚል አንቀጽም ሌሎች አስገብተውበታል። የስነ ዜጋ መምህርት ነኝ፤ የጉባኤውም ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው እጅ የእኔ መሆኗን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

አጀንዳው የኋላው በር ነበር። ኮሌጁ የራሱ የውሃ ጉድጓድ አለው፤ የሰፈሩ ሴቶች በኋላው በር እየገቡ ከግቢው ቦኖ ይቀዳሉ። ባለፈው ወር ከወርክሾፑ የኤሌክትሪክ ገመድ ተሰረቀ። ዲናችን አቶ ሙሀመድኑር በሩ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ።

ጀነት የጨፋ ገበሬ ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ተራዋ ሲደርስ ደብተሯን ገለጠች።

«ቅዳሜ ተማሪዎች ተሰብስበን ነበር። በሩ ክፍት ይሁን፣ ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት በተራ እኛ እንቆማለን ብለናል። የተራው ዝርዝር ይኸው።»

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ኢርፋን ወረቀቱን ተቀብለው ፈገግ አሉ። «አባትሽ በሬ ሸጦ ኮሌጅ የላከሽ ዘበኛ እንድትሆኚ ነው?»

«በሬው አልተሸጠም ጋሼ፤ ያርሳል። የተኛው ዘበኛው ነው አሉ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ። አቶ ኢርፋንም ሳቁ፤ «ወሬው እናንተም ዘንድ ደርሷል ለካ» አሉ።

ክርክሩ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። እንደ ልማዴ በማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ የእያንዳንዱን ዝንባሌ ምልክት አደርግ ነበር፤ አራቱ እንዲዘጋ፣ አራቱ ክፍት እንዲሆን። ድምፅ ቢቆጠር ሚዛኑን የምትደፋው ጀነት ነበረች።

ድምፅ ግን አልተቆጠረም። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ተሰማ፤ ዲኑ ሰዓታቸውን አዩና ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ብዙ ተባባልን። ለጊዜው ይዘጋና ሁኔታውን እንየው። በሉ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ግቢያችንን ከክፉ ጠብቅልን። የወሰንነውን በኸይር አድርግልን። ከመለያየት ሰውረን።»

«አሚን» አልን። ክርስቲያኑ የሒሳብ መምህር እንኳ እንደ ሁልጊዜው «አሜን» አሉ። የጀነትም መዳፎች ተዘርግተው ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እጃችንን ፊታችን ላይ አሳልፈን ተነሣን።

ከሰዓት በኋላ «ጉባኤው በሙሉ ስምምነት ወስኗል» ብዬ ጻፍሁ። ለስምንት ዓመት የጻፍሁት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እጄ ያውቀዋል። ቃለ ጉባኤ በሁለት ቀን ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የሚለውም ደንብ የእኔ ነውና፣ ማክሰኞ ጠዋት ለጠፍሁት። በሩም በዚያው ጠዋት ተቆለፈ።

ረቡዕ ጀነት ቢሮዬ መጣች። ሰላምታዋን ጨርሳ እንኳ አልተቀመጠችም።

«ቲቸር ዘምዘም፣ እኔ መቼ ነው የተስማማሁት?»

«አሚን ብለሻል» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

«ትልቅ ሰው ዱዓ እያደረገ እጄን ልሰብስብ? እኛ አገር ዱዓ ከወረደ በኋላ የሚናገር ሰው የለም። ነውር ነው። ሽማግሌ ከመረቀ ነገሩ አለቀ። ድምፁ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ መስሎኝ ተቀምጬ ነበር። ሁላችሁም ተነሣችሁ።»

የኮሌጁ ደንብ ውሳኔ በድምፅ ብቻ ይጸናል ይላል፤ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። እርሷም ታውቀዋለች፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ግን ከአንቀጹ በፊት ዱዓውን ነው የተማርነው።

«ልጆቹ ምን ይላሉ?»

«‹እሜቴ አሚን› ይሉኛል። በዶርሙ ኮሪደር ሳልፍ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ነገ በአዳራሹ ስብሰባ ተጠርቷል። ሊያወርዱኝ ነው። እሱስ ይሁን፤ ግማሾቹ ጭራሽ ማንንም አንልክም ይላሉ። ወንበሩ ለይስሙላ ነው፣ ስማችንን ሊያስፈርሙበት ነው ይላሉ።»

ማንም ካልተላከ በሁለት ስብሰባ ወንበሩ ይነሣል። ይህን ለእርሷ መንገር አላስፈለገኝም።

ወደ ዲኑ ሄድሁ። አቶ ሙሀመድኑር ያስተማሩኝ፣ የቀጠሩኝም ሰው ናቸው፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ማስተካከያ ላደርግ እንደምፈልግ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዱዓዬን ልታስመረምሪው ነው፣ ልጄ?»

«ዱዓውን አይደለም ጋሼ። ከዱዓው በፊት የጎደለውን ነው።»

«አየሽ፣ እዚህ አገር ሰው ሲቆጠር አይቻለሁ። ይሄ ከዚያ ወገን፣ ያ ከዚህ ወገን እየተባለ። የተሸነፈ ሰው ቁጥሩን አይረሳም። እኔ ሁሉም ፊቱን ጠርጎ፣ ቂም ሳይዝ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። ይህ ጥፋት ነው?»

ያሉት ነገር ውሸት አልነበረም፤ በዚህ አውራ መንገድ ዳር የምንኖር፣ ሰው በወገን ሲለይ ያየን ሁሉ እናውቀዋለን።

«ያቺ ልጅ ግን ፊቷን ጠርጋ አልወጣችም» አልኋቸው። «ድምፁ ይቅደም፤ ዱዓው ይከተል።»

«ከተቆጠረ በኋላ ማን ከልቡ አሚን ይላል?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ቃለ ጉባኤው የአንቺ ነው። የሰማሽውን ጻፊ። እኔ ግን አልፈርምበትም።»

የሰማሁት አሚን ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ገጽ ጻፍሁ፦ «በኋላ በር ጉዳይ ድምፅ አልተሰጠም። ‹በሙሉ ስምምነት› የሚለው የጸሐፊዋ ስሕተት ነው። ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ሰኞ ለድምፅ ይቀርባል።» ብቻዬን ፈርሜ ከመጀመሪያው ጎን ለጠፍሁት። አቶ ኢርፋን በዚያ ሲያልፉ አነበቡት። «ስምንት ዓመት ተሳስተሻላ፣ ዘምዘም» አሉና አለፉ። ልክ ናቸው።

በዚያው ቀን አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ከኋላ ቆምሁ። መድረኩን የያዘው ሙስዐብ የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ «እሜቴ አሚን» የሚለውን ስም ያወጣው እርሱ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። የእኔን ወረቀት አንድ ልጅ ፎቶ አንሥቶት ኖሮ ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበው።

«እና ምን ይሁን?» አለ ሙስዐብ። «ጸሐፊዋ ተሳሳትሁ ብትል በሩ ተከፈተ?»

«ሰኞ ድምፅ አለ» አለች ጀነት። ከፊተኛው ረድፍ ብቻዋን ተነሥታ ቆማለች። «እኔን አውርዱኝ፣ መብታችሁ ነው። ወንበሩን ግን ባዶ አታድርጉት። ሰኞ ሰው ካልተቀመጠበት በሩን እኛው ዘጋነው ማለት ነው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዷ ልጅ «እንዳንቺ አሚን እንዲል?» አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሙስዐብ እጁን አነሣ። «እሺ፣ ሌላ ሰው እንልካለን። ጀነት ትውረድ፤ እኔ ሰኞ እገባለሁ። የሚቃወም ያለ አይመስለኝም፣ ነገሩ ግልጽ ነው። በሉ ዱዓ እናድርግና...»

መዳፉን ዘረጋ። አዳራሹ በሙሉ፣ ያለ አንዳች ማመንታት፣ መዳፉን ዘረጋ። የእኔም እጅ ከጎኔ መነሣት ጀምሮ ነበር።

ጀነት እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ነበር። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሙስዐብ። ከዱዓው በፊት ቁጠሩኝ።»

ሙስዐብ የተዘረጉ መዳፎቹን ተመለከተ፤ የት እንደሚያደርጋቸው ግራ የገባው ይመስል ነበር። ከዚያ አወረዳቸው።

ተቆጠረ። እንድትወርድ አርባ ሰባት፣ እንድትቆይ አርባ አንድ። ሙስዐብን ለመላክ የተነሣው እጅ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ቁጥሮቹን ጀነት ራሷ በደብተሯ ጻፈችና የተራ ዝርዝሩን ገንጥላ ለሙስዐብ ሰጠችው። ተቀበላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ዱዓውን ያደረገው በዝግታ ነው። እርሷም በዚህ ጊዜ መዳፏን ዘርግታ ከሁሉም ጋር አሚን አለች፤ ከልቧ ይሁን አይሁን አላውቅም።

አብረን ወጣን። የምላትን ቃል እየመረጥሁ ሳለ የኋላው በር ዘንድ ደረስን። ከውጭ የላሜራውን በር በባዶ ጀሪካን የምትመታ ሴት ነበረች። «ነምኒ ሂንጅሩ?» ትላለች፤ ሰው የለም ወይ።

«ነን ጅራ» አለች ጀነት፤ አለሁ።

ውጭ ያለችው ሴት መምታቷን ትታ ጠበቀች። ጀነት የበሩን ጓጉንቸር በእጇ ይዛ ቆመች፤ መክፈቻ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም። ቆይታ፣ በኦሮምኛ፣ ሰኞ ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቦርከና ወንዝ አቅጣጫ ስትሄድ ሰማን።