እናቱ ብቻ የምትጠራው ስም

በሩ ሲንኳኳ የኮምፒውተር ጠጋኙ ሄዶ ከፈተ። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በአንድ እጁ የመስመር መፈተሻ፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ኢንተርኔታችሁ እንዴት ነው ወንድሜ?»

«ኧረ ደህና ነው» አለ ጠጋኙ፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ በእናቱ ዳንቴል የተሸፈነች ትንሽ የኢንተርኔት ማስተላለፊያ ሳጥን አለች። መንግሥት ድረ ገጾቹን ከዘጋ ወዲህ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ማንነታቸው ሳይገለጥ በእሷ በኩል ተሻግረው የተከለከለውን ያነባሉ። በኢንተርኔት የእንዲህ ያሉ ሳጥኖች መዝገብ ላይ ሲያስገባት «ስም አውጣላት» ተባለ፤ ማንም በሚያየው ዝርዝር ላይ የሚወጣ ስም። የራሱን እንዳይጽፍ ተጠነቀቀ። ብልጥ ነኝ ብሎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ ብቻ የምትጠራውን «አይጥዬ»ን ጻፈ። ይሄን ከቤት ውጭ ማን ያውቀዋል?

ሠራተኛው ወረቀቱን ዘረጋ። «ከዚህ ሕንፃ መስመሮች በአንዱ የሚሠራ አንድ የምንፈልገው ሰው አለ። ስሙ እንኳ ያስቃል፤ አይጥዬ ይላል። ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አይጥ ከሆነማ ወጥመድ ግዙ!» አለ ጠጋኙ። ሊስቅም ሞከረ።

ሰውየው ግን ከልቡ ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ጠጋኙ በሩን ሊዘጋ እጀታውን ያዘ።

እናቱ ከጓዳ ጮክ ብላ ተጣራች።

«አይጥዬ! ሰው በር ላይ ይቆማል እንዴ? አስገባው እንጂ!»

ደረጃው ላይ የነበረው ኮቴ ቀጥ አለ።