የአጎቴ መንጋጋ

ተራራው ጫፍ ላይ አረፍ እንዳልን ወሬኛው አጎቴ በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ፤ አፉም እንደተከፈተ ቀረ። መናገር አቃተው፤ ለሃጩ ብቻ ይወርዳል።

"ወንድሜን ስትሮክ መታብኝ!" ብላ እናቴ ጮኸች። ስልክ አይሠራም፤ መኪናችን ደግሞ ከተራራው ግርጌ ነው።

ከኋላ ቀርታ የነበረችው የጥርስ ሐኪም ሚስቱ እየሮጠች መጣች። "እጆችህን አንሳ!" አለችው። ሁለቱም እኩል ተነሱ። ከጆሮው ፊት ለፊት ዳበሰችና "አይዟችሁ፣ ስትሮክ አይደለም፤ መንጋጋው ነው የወለቀው!" አለች።

አውራ ጣቶቿን በሻርፕ ጠቅልላ በታችኛው መንጋጋ ጥርሶቹ ላይ አሳረፈች፤ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ኋላ ገፋች። ቋ ብሎ ገባ!

"የኔ እመቤት!" አለ አጎቴ፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ።

"ዝም በል!" አለችው አገጩን በሻርፑ እያሰረች። "ቤት እስክንገባ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ!"

እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እኛም አገጫችንን በእጃችን ደግፈን ሳቅን።