የካዛንቺሱ ኩሬ ጌቶች

ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው ካዛንቺስ ውስጥ ግቢውን ያልቆፈረ ሰው አልነበረም። አንዱ ለምድር ቤት፣ አንዱ ለመዋኛ ገንዳ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ስለቆፈረ ብቻ ይቆፍራል። ወይዘሮ የሺሃረግ የቆፈሩት በሦስተኛው ምክንያት ነው። ከፔንሲዮናቸው ፊት ለፊት ካፌ ያለው ሙሐሲን በረንዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለው ፏፏቴ አሠርቶ፣ የሳቸው ቤት ያደሩ ሙሽሮች ሳይቀሩ መንገድ እየተሻገሩ እሱ ዘንድ ፎቶ ይነሡ ጀመር።

«እሱ ውኃ ወደ ላይ ይርጭ» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «እኔ ወደ ታች እቆፍራለሁ።»

ያማከሩት የሟች ባለቤታቸውን ወንድም፣ ኃይለገብርኤልን ነው። ኃይለገብርኤል ናይሮቢ ሄዶ ለጥቂት ሳምንታት የዓሣ እርባታ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ «ኬንያ እያለሁ» ሳይል ውኃ እንኳ አይጠጣም። ገና ጭቃው ያልደረቀው ኩሬ ዳር ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ብዙ አሰበ።

«እትዬ የሺ፣ ይሄ ኩሬ የሚፈልገው ባስ ነው።»

«የምን ባስ? ግቢዬን ፌርማታ ልታደርገው ነው?»

«ባስ የሚባል ዓሣ! ሲያጠምዱት እንደ ወይፈን ይታገላል። ኬንያ እያለሁ ፈረንጆቹ ለሱ ብለው አውሮፕላን ሲሳፈሩ ዐይቻለሁ። እንግዳዎ ራሱ ያጠምዳል፣ ሜቲ ትጠብስለታለች፣ በቃ!»

ሜቲ ወጥ ቤቱን የያዘችው ልጅ ናት። ወይዘሮ የሺሃረግ ነገሩ ጣማቸው። «ለመሆኑ ምን ይበላል?»

«ትንንሽ ዓሣ። ስለዚህ መጀመሪያ ቆሮሶ ከዝዋይ እናመጣለን። ክረምቱን ይራባል። ኩሬውን ሲሞላው ያኔ ባሱን እንጨምራለን። አንድ ክረምት መታገሥ ብቻ ነው።»

«ክረምት ድረስማ ሙሐሲን ፏፏቴውን ፎቅ ያደርገዋል! ምረቃው ለጾሙ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ጠርቻለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ጨምራቸው።»

ኃይለገብርኤል ግንባሩን አጨማደደና፣ «እሱም ይቻላል» አለ። «ኬንያ ውስጥ እንደዚያም ያደርጋሉ።»

ቆሮሶዎቹ በርሜል ሙሉ ሆነው በአይሱዙ መጡ። መኪናው ለገሃር ላይ መንገድ ተዘግቶበት ስለቆየ፣ እንደ ታክሲ ወያላ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ነበር የደረሱት። ባሶቹ ግን ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ፣ በክብር፣ ከኬንያ መጡ። መምጣት የነበረባቸው ጫጩቶቻቸው ነበሩ። ሻጩ ዘንድ የተገኙት ክንድ ክንድ የሚያክሉ ጎረምሶች ብቻ ሲሆኑ፣ ኃይለገብርኤል ባዶ እጄን ከምመለስ ብሎ እነሱኑ አምጥቷል።

ቆሮሶዎቹ ፀሐይ ላይ ሲብለጨለጩ ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ባሶቹ ማንንም ሳያዩ ወደ ታች ወረዱ።

ብዙም አልቆየ፣ ሜቲ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «እትዬ፣ ዓሣዎቹ ቀንሰዋል።»

«አልቀነሱም» አለ ኃይለገብርኤል። «ውኃውን ሲላመዱ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ።»

በማግስቱ ሜቲ እንደገና ጠራቻቸው። ኩሬው ጥግ ላይ አንድ ባስ ተንሳፍፏል፤ ከአፉ የቆሮሶ ጭራ ወጥቶ ይወዛወዛል። «ወደ ጥልቁ መውረድ ማለት ይሄ ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ የፔንሲዮኑ ኑሮ ተገለባበጠ። ባሶቹ ዳቦ ቢጣልላቸው ዘወር አሉ፤ ሥጋ ቢከተፍላቸው ናቁ። ከነነፍሱ ካልሆነ አይበሉም። አይሱዙው ዝዋይ ሲመላለስ ከረመ። የጾም ተመጋቢዎች መጥተው ዓሣ ለብለብ ሲያዙ ሜቲ «ዓሣ የለም» ትላለች።

«ታዲያ ከኋላዬ የሚዋኘው ምንድነው?»

«እሱ እንግዳ ነው።»

ሙሐሲን ወሬውን ሰምቶ ሊጎበኝ መጣ። አብረው ያደጉ ናቸውና አይፈራቸውም። «የሺ» አላቸው ውኃውን እያየ፣ «ቤትሽ ውስጥ በሰዓቱ የሚበላው ይሄ ዓሣ ብቻ ነው አሉ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ሳቁ። እሱ ሲሄድ ግን ሳቃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ለማንም ጎንበስ ሳይሉ ቤታቸውን አቁመው ነበር፤ አሁን ግን ጠዋት ጠዋት የቆሮሶ ባልዲ ተሸክመው ኩሬ ዳር ጎንበስ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ባሶቹም ወፍረው ወፍረው፣ የባልዲውን ድምፅ ሲሰሙ እንኳ አይቸኩሉም ነበር።

የምረቃው ዕለት ድንኳን ተተከለ። ከክፍለ ከተማው የመጡት ሹም፣ የክብር እንግዳው፣ ሪባኑን ቆርጠው ንግግር አደረጉ። «እነዚህ የምታዩዋቸው ትልልቅ ዓሣዎች የጥረት ውጤት ናቸው! እዚህ የደረሱት ግን ብቻቸውን አይደለም። ከታች ያሉት ትንንሾቹም የበኩላቸውን አስተዋጽኦ አድርገዋል!»

ወለተማርያም ከድንኳኑ ጫፍ ቆማ ነበር። ከፔንሲዮኑ ጀርባ የምትኖር ጉልት ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ለልማት ይፈርሳል ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

«የበኩላቸውንማ አድርገው አለቁ!» አለች።

ሰፈርተኛው በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዳውም የተደሰተ ሕዝብ መስሏቸው አብረው ሳቁ። ወይዘሮ የሺሃረግ ብቻ መሬት መሬቱን አዩ።

ቀጥሎ እንግዳው መንጠቆ ተሰጣቸው። ጣሉ፤ ጠበቁ፤ እንደገና ጣሉ። ኃይለገብርኤል ባሶቹ በእንግዳው ፊት ደከም እንዳይሉ ብሎ በጠዋቱ እስኪጠግቡ አብልቷቸው ኖሮ አንድም ዞር ብሎ ያየ የለም። የሰውየው ሱፍ በላብ ሲርስ ኃይለገብርኤል በመረብ አንዱን ጎትቶ አውጥቶ መንጠቆው ላይ ሰካላቸው። ፎቶ ተነሡ፤ ተጨበጨበ፤ ዓሣው ወጥ ቤት ገባ። ከፊት ወንበር ለተቀመጡት ትንሽ ትንሽ ደረሳቸው፤ ለሌላው ሽሮ ቀረበ።

እንግዳው ቀምሰው፣ «ጭቃ ጭቃ ይላል» አሉ። ሲሄዱ ግን ሥራው ሞዴል ተብሎ ለሌሎች እንዲሰፋ አዘዙ። አማካሪም ኃይለገብርኤል ሆነ።

በማግስቱ ወይዘሮ የሺሃረግ ባልዲውን ጣሉት። ሞተር አስመጥተው ኩሬውን አስመጠጡ፤ ውኃው ሲጎድል ባሶቹ ጭቃው ላይ እንደ ወይፈን ተፈራገጡ። ሜቲ ትልቁን መጥበሻ ጣደች። ሙሐሲን ወንበሮቹን ከካፌው አሻገረ። ወለተማርያም ከጉልቷ ቃሪያና ሎሚ ይዛ መጣች፤ ቤታቸው ቀለም የተቀባባቸው ሁሉ ተጠሩ። ጭቃ ጭቃ አላቸው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሾሁ እስኪቀር ተበላ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ከዚያ ኩሬውን ሞልተው ቆሮሶ ብቻ ጨመሩ። ክረምቱንም ታገሡ። መስከረም ሲጠባ ዳር ዳሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ ጫጩቶች ሲርመሰመሱ አይተው፣ በሕይወታቸው ያላዩት ነገር ይመስል ሰው ሁሉ ጠሩ።

በዚያው ሰሞን ኃይለገብርኤል ከሌላ ክፍለ ከተማ ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶች አስከትሎ ገባ። ከመሐላቸው አንዱ ውኃውን ጎንበስ ብሎ አየና ግራ ገባው።

«እናቴ፣ ትልልቆቹ የታሉ?»

«ተበሉ።»

«ማን በላቸው?»

«ትንንሾቹ» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

ሰውየው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ወደ ኃይለገብርኤል ዞሮም፣ «ኬንያም እንደዚህ ያደርጋሉ?» ሲል ጠየቀው።