በያልጋነሽ ቤት የተቆጠረው ፍሪጅ

1.

ተራ ቁጥር 37። ያልጋነሽ ገብሬ። የቤተሰብ ብዛት፦ 2። የገቢ ደረጃ፦ መካከለኛ። የነፃ ሕክምና ካርድ፦ ተሰርዟል።

ይህን ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ያነበበችው ራሷ ያልጋነሽ ናት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሰባተኛ ወሯ ነው። ስሟ ግድግዳ ላይ ተጽፎ አይታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ የመጨረሻዋን ቃል በጣቷ እየነካች እንደገና ጀመረቻት።

ተ

ሰ

ር

ዟ

ል።

2.

ከስም ዝርዝሩ ጎን ሌላ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፦ «የቤተሰብ አማካይ የወር ገቢ በየከተማው»። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ሐይቅ። በየስማቸው ትይዩ አንድ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሮቹን እዚህ አልገለበጥኳቸውም። ያልጋነሽም አላየቻቸውም፤ ከአራቱ ከተሞች መካከል የራሷን ቤት እየፈለገች ነበር።

ማታ ክፍል ውስጥ ጠየቀች። «አማካይ ማለት ምንድነው መምህር?»

«እኔ ሁለት ዳቦ ብበላ፣ አንቺ ጦምሽን ብታድሪ፣ በወረቀት ላይ ሁለታችንም አንድ አንድ በልተናል።»

ክፍሉ ሳቀ። ያልጋነሽ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

3.

በቆጠራው ቀን በያልጋነሽ ቤት የነበረ ንብረት፦

ቴሌቪዥን፣ 1፣ የዘምዘም
ሶፋ ከነልብሱ፣ 1፣ የዘምዘም
ፍሪጅ፣ 1፣ የዘምዘም
ኢንሱሊን በፍሪጁ ውስጥ፣ 3 ብልቃጥ፣ የፍሬገነት
ፍሬገነት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ 1፣ የያልጋነሽ

«የማን ነው» የሚለው ዓምድ የእኔ ጭማሪ ነው። በቆጣሪዋ ቅጽ ላይ አልነበረም።

4.

በሰፈሩ እንግዳ ሲመጣ ዕቃ ይዞራል። ሽማግሌ ሊመጣ ነው ከተባለ ወንበሩ ከአንዱ፣ ምንጣፉ ከሌላው ቤት ይመጣል። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ነገ ተራው የእሱ ነው። እና «ሰኞ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፣ በየቤቱ ይገባሉ» ሲባል ያልጋነሽ የምታውቀውን አደረገች። አጥር ለአጥር ወደምትጎራበታት ዘምዘም ሄደች።

«ቴሌቪዥኑን ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ሶፋውንም ውሰጂ። ፍሪጁንም። የልጅሽ መድኃኒት ያለው እሱ ውስጥ አይደል?»

«ኧረ ከባድ ነው ዘምዘምዬ።»

«ተሸካሚ እኔ እጠራልሻለሁ።»

ያልጋነሽ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጣት ፈጣሪዋን አመሰገነች።

5.

ቆጣሪ፦ ቴሌቪዥኑ ይሠራል?
ያልጋነሽ፦ ይሠራል፣ ልክፈትልሽ?
ቆጣሪ፦ ፍሪጁ የእናንተ ነው?
ያልጋነሽ፦ …
ቆጣሪ፦ (ፍሪጁን ከፍታ) መድኃኒቱስ የማን ነው?
ያልጋነሽ፦ የልጄ።
ቆጣሪ፦ እሺ። የወር ገቢ?
ያልጋነሽ፦ ልብስ አጥባለሁ። እንደተገኘ ነው።
ቆጣሪ፦ ቤትሽ ያምራል።
ያልጋነሽ፦ ተመስገን።

አንባቢ ሆይ፣ ልትወቅሳት ከሆነ፣ ለእንግዳ ብለህ የጎረቤት ወንበር ተውሰህ እንደማታውቅ አስቀድመህ ንገረኝ። እንግዳ ፊት «ይህ የተዋስኩት ነው» ይባላል?

6.

ተራ ቁጥር 38። ዘምዘም ይመር። የቤተሰብ ብዛት፦ 2። የተገኘ ንብረት፦ ፍራሽ፣ 1። የገቢ ደረጃ፦ ድሃ። ካርድ፦ ጸንቷል።

ያልጋነሽ ይህን ያነበበችው ልትሄድ ዘወር ካለች በኋላ ነው። ተመልሳ ቆመች። ሁለተኛ ስታነብ ጣቷ አላስፈለጋትም።

7.

ቅሬታ ያለዎት እንደሆነ፦

ሀ. ቅጹን ይሙሉ።
ለ. የተመዘገበው ንብረት የሌላ ሰው ከሆነ ባለንብረቱ በፊርማው ያረጋግጥ፤ መጻፍ ካልቻለ በጣት አሻራ።
ሐ. እስከ ዓርብ ያስረክቡ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሦስቱ ብልቃጥ የቀረው አንድ ነው። እሱም ቢበዛ አሥር ቀን ነው የሚያደርሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያልጋነሽ ታውቀዋለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ራሷን የሳተች ልጇን በጋሪ ሆስፒታል አድርሳለች።

8.

«ለቆጠራ እንደሚመጡ አውቀሽ ነው ያሸከምሽኝ።»

ዘምዘም አላስተባበለችም። «እህቴ ከጂዳ የላከችልኝ ዕቃ ነው። ዕቃ ይበላል? ሰይድን ግን አየሽው፤ አንድ ወር ክኒኑ ቢቋረጥ ወላሂ ባሌን ነው የምትቀብሪልኝ።»

«ፍሬገነትስ?»

«ፍሪጁ እንደሆነ ተመልሷል። መቼም አልዘጋብሽም።»

«ምን ላስቀምጥበት?»

ከመጋረጃው ጀርባ የሰይድ ድምፅ መጣ። «ማን ነው ዘሙ?»

«ያልጋነሽ ናት።»

«ልጅቷ እንዴት ናት?»



ያልጋነሽ ቅጹን ከጡቷ ሥር አወጣች። በዕድሜዋ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ ሦስት ጊዜ አበላሽታ በአራተኛው ነው የወጣላት። ዘምዘም ማንበብ ስለማትችል እሷው አነበበችላት። ዝግ ብላ፣ እንደ ልጅ።

«ፍሪጁ የእኔ አይደለም። ሶፋው የእኔ አይደለም። ቴሌቪዥኑ የእኔ አይደለም። ልጅቷ የእኔ ናት።»

«እኔ ስፈርም የእኛ ይሰረዛል» አለች ዘምዘም።

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው የመጣሽው።»

«እንዳንቺው።»

ዘምዘም ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ከዚያ እንባ ሆነ። ያልጋነሽ ለአሻራ ያመጣችውን፣ ሰማያዊ ቀለም የጠጣውን ስፖንጅ ክዳኑን ከፍታ በሁለታቸው መካከል ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከመጋረጃው ጀርባ ሰይድ ይስላል። ከአጥሩ ወዲያ ፍሬገነት «እማ» እያለች ትጣራለች።

ዘምዘም አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። አነሳችው። አየችው።

9.

ንብረቱ የእኔ ስለመሆኑ አረጋግጣለሁ።

የባለንብረት የጣት አሻራ፦

[                    ]