ባዶውን የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ሁለት ወር ሙሉ የልጄ ምሳ ዕቃ ባዶውን ነበር የሚመለሰው። ባዶ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ታጥቦም ነበር። ሌላ እናት ብትሆን እሰየው ትል ነበር። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ብዬ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ነገር ግን ልጅቷ እየከሳች ምሳ ዕቃው ተልሶ ሲመጣ ማን ነው ልቡ የማይመታው?

ልጄን ቤት ውስጥ ፍንጭቷ ነው የምንላት። አምስት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ድንቡሼ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ የቀረበለትን ጠራርጎ በልቶ ወደ ሰው ሳህን የሚያይ ልጅ ነው። እሷ ግን ስትበላ ዘገምተኛ ናት። አንድ ማንኪያ ሩዝ ጎርሳ እስክትውጥ ድረስ እኔ አንድ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍቼ እጨርሳለሁ። ሥራዬ እሱ ነው፤ ልብስ ስፌት ቤት ኮሌታ እሰፋለሁ።

ስለዚህ ምግቧን ቀላልና ለአፍ የሚመች አደርገዋለሁ። ድንቹን ማታ ቀቅዬ አሳድርና ጠዋት ከካሮት ጋር በሹካ ደፍጥጬ፣ እንቁላል መትቼበት፣ በጥቂት ዘይት እንደ ትንንሽ ቂጣ እጠብሰዋለሁ። አንድ ቀን ሩዝ በአተር፣ አንድ ቀን መኮሮኒ በቲማቲም። ጎኑ ላይ አንድ ሙዝ። ድንቡሼ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ፣ አባትየው ካልሲው የት እንዳለ እየጠየቀ፣ በዚህ መሃል ነው የሚሠራው። ታዲያ ይህን ሁሉ ችዬ የምልከው ምግብ የት ነው የሚገባው? ማታ ከመዋዕለ ሕፃናት ስወስዳት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ዳቦ» ትላለች። ቆማ ትበላለች።

የሚመጣብኝን ነገር ሁሉ አሰብኩ። ትል ነው አልኩ። ስኳር ነው አልኩ። ስሙን ለመጥራት የምፈራውንም በሽታ አሰብኩ። አጠገቤ ቁልፍ የምትተክለው የሥራ ባልደረባዬ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ደመና ሳይኖር ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ ከሁለት ወር በፊት ከነበረችው አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሳለች። ሰገራዋም ደሟም ታየ፣ ምንም የለም።

«ምግብ ጨምሪላት» አለችኝ ነርሷ ካርዱ ላይ እየጻፈች።

ጨምሪላት! እንደማላበላት! ደሜ ፈላ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ እቋጥርላታለሁ፤ ምሳ ዕቃው ተልሶ ይመጣል፤ ከዚህ በላይ ምን ልጨምር? ልጄን ይዤ ሳልሰናበት ወጣሁ።

ነገሩ የተገለጠው በኔው ስህተት ነው። የባለቤቴና የልጄ ምሳ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም እኩል። ባለቤቴ የታሸገ ውኃ በመኪና ለየሱቁ ያከፋፍላል፤ ምግብ ደግሞ ካላቃጠለ ምግብ አይመስለውም። የዚያን ቀን ጠዋት መኮሮኒውን አንድ ላይ ሠርቼ ለሁለት ከፈልኩና በእሱ ድርሻ ላይ አራት ቃሪያ ከነፍሬው ከትፌ ለወስኩበት። ከዚያ ድንቡሼ ወተት ደፋ። ወለሉን ስወለውል፣ ክዳን ስከድን፣ ቦርሳ ውስጥ ስከት፣ ጨርሼ ወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ስሚ እንጂ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ምን ሆንክ?»

«መኮሮኒው የሕፃን ነው። ቃሪያ የሚባል ጥላው እንኳ አላለፈበትም። ኩርፊያ ከሆነ በአፍሽ ንገሪኝ፣ በምሳ አትሳደቢኝ።»

እሱ ይስቃል፤ እኔ እጄ ላይ የነበረው ኮሌታ ወደቀ። ያ እሳት የሆነ መኮሮኒ ልጄ ጋ ነው ማለት ነው። ትንሽ በርበሬ ሲነካት እንኳ ምላሷን አውጥታ የምትሮጥ ልጅ! አፏ ሲላጥ፣ ትንፋሿ ሲያጥር፣ አምቡላንስ ሲመጣ ታየኝ። ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ስልክ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። አለቃዬን ለመንኩ፤ «ዛሬ ትእዛዝ ማስረከቢያ ነው፣ ማንም አይወጣም» አለ። እስከ መውጫ ሰዓት ስንት ኮሌታ አጣምሜ እንደሰፋሁ አልናገርም።

ስደርስ ፍንጭቷ በሩ ላይ ቆማ እየዘለለች ነው። አፏን ከፍቼ አየሁት። ጤነኛ ነው። ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። ባዶ፣ ታጥቧል።

«ምሳሽ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው።»

«አላቃጠለሽም?»

«ምኑ?»

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ አልኩ። «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ምን በላሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

ጫማዋን አየች። «ሙዙን በላሁ። ከዚያ ተደወለ።»

«መኮሮኒውስ?»

«መኮሮኒውን ባልዲ በላው።»

«የምን ባልዲ?»

«ተደውሎ ሲያልቅ ባልዲ ይበላዋል። የሁሉንም ነው የሚበላው።»

«ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገርሽኝ?»

«ባዶ ካልሆነ ትናደጃለሽ» አለችኝ።

ያን ጊዜ የመጨረሻዋን ነገር አልሰማሁም። ባልዲ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። የክፍሏ ሞግዚት የልጆቻችንን ምግብ ሰብስባ ወይ ዶሮ ትቀልባለች ወይ ትሸጠዋለች፣ ሌላ ምን ይሆናል? ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ነገ ሄደሽ እንዳትደባደቢ» አለኝ።

«አንተ ለምን አትሄድም?»

«እኔማ ውኃ አለብኝ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ውኃውን ይጠጣው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ የምሳ እረፍት እንደወጣን፣ የኔን ምግብ ሳልነካ ሮጥኩ። መዋዕለ ሕፃናቱ ከስፌት ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው። ጥበቃው፣ «ወላጅ በዚህ ሰዓት አይገባም» ሲለኝ፣ «ዛሬ ገብቷል» ብዬ አለፍኩት። የክፍሉ መስኮት ዝቅ ያለ ነው፤ ቆሜ አየሁ።

ሠላሳ ሁለት ልጆች አራት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንዲት ሞግዚት አለች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሽርጧ የረጠበ። የአንዱን ክዳን ትከፍታለች፣ የሌላውን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ሽንቱ የመጣበትን ታስወጣለች፣ የፈሰሰ ታብሳለች። የመጨረሻዎቹ ልጆች ምሳ ዕቃቸው እስኪከፈትላቸው ብዙ ደቂቃ ሄደ። ፍንጭቷ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። ሙዟን ልጣ በልታ ጨረሰች። ማንኪያዋን ድንቹ ውስጥ ሰካች። አንድ ጎረሰች። እያኘከች ሳለ ደወል ተደወለ።

ልጆቹ ሁሉ ምሳ ዕቃቸውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። ማንም ሳያዛቸው! እንደ ወታደር! ሞግዚቷ ቀዩን ባልዲ አንስታ በየጠረጴዛው ዞረች፤ ሩዙም፣ እንቁላሉም፣ ዳቦውም፣ እኔ ከሌሊት ጀምሬ የደከምኩበትም ድንች አንድ ላይ ገቡ። ምሳ ዕቃዎቹን ቧንቧው ሥር ደርድራ ማጠብ ጀመረች። ልጄ ጉንጯ እንደተነፋ ነው፤ ገና አልዋጠችም።

በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ? የሕፃን ምግብ ከአፉ ይነጠቃል?»

«ቀስ በይ እህቴ፣ ልጆቹን ታስደነግጫለሽ።»

«ልጆቹንማ ያስደነገጥሽው አንቺ ነሽ! ለማን ነው የምትወስጂው? ለዶሮሽ ነው?»

«ዶሮ!» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። «ዶሮ የማረባበት ግቢ ቢኖረኝ እዚህ ምን አደርጋለሁ? የቆሻሻ መኪና ነው የሚወስደው። እኔ ራሴ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው።»

«ታዲያ ለምን ትደፊዋለሽ? ለምን እንዳለ አትልኪውም?»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። መደርደሪያው ላይ የየልጁ የመገናኛ ደብተር አለ፤ ወላጅና መምህር የሚጻጻፉበት። የፍንጭቷን አውጥታ ገልጣ ሰጠችኝ። የራሴ ጽሕፈት ነው።

«ልጄ ምሳዋን ሳትበላ ተመልሳለች። ሥራችሁ ምንድን ነው? ሁለተኛ ምግብ ተርፎ ቢመጣ ለዳይሬክተሯ አመለክታለሁ።» ፊርማ። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት። «ምንድን ነው» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለችኝ። «አሥራ አንድ እናቶች ጽፈዋል። ዳይሬክተሯ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ባዶ ዕቃ ፈለጋችሁ፣ ባዶ ዕቃ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወላጅ አልጻፈም። እንዲያውም አንዷ ‹እጅሽ ይባረክ› ብላ ጽፋልኛለች። ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ አንድ እኔ፣ ሃያ ደቂቃ። እስቲ አንቺ ግቢና አብዪ።»

ፊቴ ጋለ። በእሷም ተናድጃለሁ፤ የሕፃን ረሃብ እያዩ ማጠብ ምን ይባላል? በራሴም ተናድጃለሁ፤ ልጄ ትናንት «ትናደጃለሽ» ያለችኝ አሁን ነው ጆሮዬ የገባው። ግን ሃያ ደቂቃ የሚለው ከሁሉም ባሰብኝ። እኛ ስፌት ቤት እንኳ፣ ያ ልቡ ድንጋይ የሆነ አለቃችን፣ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ላለው ሰው ሠላሳ ደቂቃ ይሰጣል። ወተት ጥርስ ላለው ሃያ?

ደብተሩን እንደያዝኩ ስገባ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ወረቀት እየደረደረች ነበር። ሳትነሳ፣ «ወንበር ይያዙ» አለችኝ።

«አልይዝም። ለምንድን ነው ምሳ ሃያ ደቂቃ የሆነው?»

«ፕሮግራሙ ነው።» ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ሰሌዳ አለ፤ በእስክሪብቶ አመለከተችኝ። «ጠረጴዛዎቹ መታጠፍ አለባቸው። ቀጥሎ ያለው በዚያው ክፍል ነው የሚካሄደው።»

«ቀጥሎ ምንድን ነው ያላቸው?»

«እንቅልፍ።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። «ቶሎ እንዲተኙ ነው ሳይበሉ የሚነሱት?»

«ሕፃናት ለአንድ ሰዓት ተኩል መተኛት አለባቸው። በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

«ተርቦ የሚተኛውንም አጥንተውታል?»

«እርስዎ ነዎት እኮ የከሰሱት» አለችኝ፤ እርስዎ የምትለው ከስድብ ይከብዳል። «ችግሩ ተፈትቷል፣ ቅሬታ ቆሟል። የማይመችዎ ከሆነ ሌላ ቦታ መሞከር ይችላሉ።»

ሌላ ቦታ! እዚህ ሊያስገቡን ስድስት ወር ወረፋ አስጠብቀውናል። ልጄን ቢያስወጡብኝስ? ሥራዬን ትቼ ቤት ብቀመጥስ? ነገር ግን ያቺ የተነፋች ጉንጭ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። የመገናኛ ደብተሩ እጄ ላይ ነበርና የዳይሬክተሯን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ ሳላስፈቅድ አነሳሁ። «የልጄ ምግብ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይደፋ። ተርፎ ቢመጣ ሞግዚቷን አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ደወል አስደዋዩን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፈርሜ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩላት። መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ለሥራ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ፤ ቁልፍ ተካይዋ፣ «ጃንጥላሽን የት ጣልሽው?» ስትለኝ ኮሌታዬን አንስቼ መስፋት ጀመርኩ።

ማታ መውጫ ላይ ለሌሎቹ እናቶች ነገርኳቸው። «የኔ ልጅማ በላተኛ ነው፣ ልሶ ነው የሚመጣው!» አለችኝ አንዷ፣ ኮርታ። «ማን እንደሚልሰው ልጅሽን ጠይቂው» አልኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። ሌላዋ ግን ልጇ አጠገብ ተንበርክካ ስትጠይቀው አየሁ።

በማግስቱም ሮጥኩ። ጥበቃው ዛሬ በሩን ከፈተልኝ። የሠራሁት ሩዝ በአተር ነው። ፍንጭቷ አተሩን አንድ በአንድ ወደ ዳር እየለየች ትበላለች፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ በአንድ! ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ወደ ፊት ገፉ። ፍንጭቷም ገፋች።

ሞግዚቷ በመስኮቱ አየችኝ። ከዚያ ልጄ አጠገብ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ምሳ ዕቃውን መልሳ ወደ እሷ ሳበችው። «ብሉ» አለች ጮክ ብላ፣ ለሁሉም። «ማንም አያነሳባችሁም፣ ብሉ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ማንኪያውን አነሳ። ከዚያ ሌላው።

ብዙም ሳይቆይ የዳይሬክተሯ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ተሰማኝ። ቀድሜያት በሩ ላይ ደረስኩና ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ጠረጴዛው ለምን አልታጠፈም?» አለች በትከሻዬ አሻግራ።

«እየበሉ ነው» አለች ሞግዚቷ፤ አልተነሳችም።

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ሥራ የለዎትም?»

«አለኝ። እዚህ ቆሜ እየዘገየሁበት ነው።»

«ያሳልፉኝ።»

«እስኪጨርሱ አላሳልፍም።»

ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጆቹን አየች። ፖሊስ የምትጠራ፣ የልጄን ስም ከመዝገብ የምትሰርዝ፣ ሞግዚቷንም የምታባርር መስሎኛል፤ ምናልባትም ነገ ታደርገው ይሆናል። ቢሆንም ከደፉ ላይ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ ማንኪያ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ዞር ብዬ ሳይ ፍንጭቷ ማናችንንም አላየችም። ጉንጯ ተነፍቷል። ታኝካለች።